ላንቃው ተሰፍቷል፤ «ዳቦ» ግን አሁንም «ናሞ» ነው

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ሲወለድ ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነበር። ከንፈሩ በ5 ወሩ፣ ላንቃው በ1 ዓመት ከ8 ወሩ ተሰፋለት። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል። ሲያወራ ግን ከእኔ በቀር የሚረዳው የለም። ዳቦን «ናሞ» ይላል። እኔንም አባቱንም «አማ» ብሎ ነው የሚጠራን። አማቴ እንጥሉ ይቆረጥ እያሉ ነው። ጎረቤቴ ፊኛ አስነፊው ብላኝ በቀን ሦስቴ ያስነፋዋለሁ፤ እስካሁን ለውጥ የለም። አማቴ የሚያወሩት ኦሮምኛ ስለሆነ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ይሆን? ወይስ ሲያድግ ይተወዋል? «እርጉዝ ሳለሽ ምን ሠርተሽ ነው?» የሚለኝም አለ። ግራ ገብቶኛል። ከቱሉ ዲምቱ።

ምላሽ፦

እህቴ፣ ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የልጁን እንጥል ማንም እንዳይነካው።

አማትሽ ለክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው ወይም አፉን ለመፍታት ሲዘገይ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። እንጥል ማስቆረጥ ለማንኛውም ልጅ አደገኛ ነው። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ለአንቺ ልጅ ደግሞ ይብሳል። እንጥሉ የተንጠለጠለበት ለስላሳ ላንቃ ሐኪሙ ጡንቻን ከጡንቻ አገናኝቶ በስንት ጥንቃቄ የሰፋው ቦታ ነው። ምላጭ እዚያ ከደረሰ ላንቃው ያጥራል። ያጠረ ላንቃ ደግሞ ንግግሩን ይበልጥ ወደ አፍንጫ ይወስደዋል። ለአማትሽ «የተሰፋው እዚያ ላይ ነው፣ ከተቆረጠ ይተረተራል» በያቸው። ይገባቸዋል።

ጥንቃቄው ለባህላዊው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም ቤት «ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ ይውጣ» ብትባዪም፣ ላንቃው የተሰፋ ልጅ መሆኑን ቀድመሽ ተናገሪ። ያ እጢ አንዳንድ ልጅ ላይ እንደ ትራስ ሆኖ ላንቃውን ያግዘዋል። ሲወጣ ንግግሩ ሊብስ ይችላል።

አሁን ወደ «ናሞ» እንምጣ። ይህችን ቃል ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ብትጽፊልኝ ይህን ያህል አትነግረኝም ነበር።

እስቲ ራስሽ ሞክሪው። «ዳ» በይ። ምላስሽ ከላይ ጥርሶችሽ ጀርባ ሄዶ ይነካል። «ና» በይ። እዚያው ነው የሚነካው። «ቦ» በይ፤ ከንፈሮችሽ ይገጥማሉ። «ሞ» በይ፤ አሁንም ይገጥማሉ። «ዳቦ» ስትዪም «ናሞ» ስትዪም ምላስና ከንፈርሽ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። የሚለየው አየሩ በየት ወጣ የሚለው ነው። በ«ዳቦ» በአፍ፣ በ«ናሞ» በአፍንጫ።

ስለዚህ የልጅሽ ምላስ የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። አልታሰረም። ከንፈሩም ያውቃል። ቃሉን በሐሳቡ በትክክል ይዞታል። «አማ»ም ያው ነው። አባቱን ሲጠራ በልቡ የሚለው «አባ» ነው። ከንፈሩን ገጥሞ ነው የጠራው፤ አየሩ በአፍንጫ ስለወጣ «አማ» ሆኖ ተሰማ። ባለቤትሽ «እኔን እኮ አይጠራኝም» ብሎ ተከፍቶ ከሆነ ይህንን አንብቢለት።

ይህን ያህል ደስ ያለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ አንዳንድ ልጆች ሌላ መንገድ ይይዛሉ። አፋቸው ውስጥ አየር አልጠራቀም ሲላቸው ድምፁን ጉሮሯቸው ላይ መቁረጥ ይለምዳሉ። እኛ «ኧ-ኧ» ብለን እምቢ ስንል ጉሮሯችን ላይ ቆረጥ የሚለው ድምፅ አለ አይደል? «በ»ም፣ «ደ»ም፣ «ከ»ም በእሱ ይተካሉ። «ዳቦ» ሲሉ «አኦ» ይሆናል። ያንን ማስለቀቅ ይቻላል፣ ግን ረጅም ሥራ ነው። ያንቺ ልጅ እዚያ አልገባም፤ ቢያንስ በጻፍሽልኝ ቃላት አይታይም።

አየሩ ወደ አፍንጫ የሚያልፍበት በር አለ። በሩ የቱ ነው? ላንቃችን ከፊት አጥንት ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ሥጋ ይሆናል። ስንናገር ያ የኋላው ለስላሳ ክፍል ሽቅብ እየተነሣ ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይገጥማል። ሲገጥም ወደ አፍንጫ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል፣ አየሩም አፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ከንፈር ወይም ምላስ ድንገት ሲለቀው «በ» ወይም «ደ» ብሎ ይወጣል። አማርኛ ውስጥ በሩ ተከፍቶ የሚነገሩት «መ»፣ «ነ» እና «ኘ» ናቸው። «ወ»፣ «የ»፣ «ለ» እና «ረ» ብዙ ግፊት ስለማይፈልጉ በሩ ትንሽ ቢያፈስም ያልፋሉ። ልጅሽ «ውሃ» ሲል ከ«ዳቦ» ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማሽ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አማርኛ ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ቀላል ቋንቋ አይደለም። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» አሉን። እነዚህን ስንል ጉሮሯችን ከታች ተዘግቶ ወደ ላይ ይነሣና አፍ ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ጎማ መንፊያ ይጨምቀዋል። ቀዳዳ ያለው ጎማ አይነፋም። ማጥበቅና ማላላትም አለ። ልብስ ሰፊውና ሰፊው ቤት አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ሲነገሩ ግን ሁለተኛው ላይ «ፈ» ትጠብቃለች፣ ማለትም ግፊቱን ያዝ አድርገን እንቆያለን። በሩ የሚያፈስ ልጅ ያንን መያዝ ይከብደዋል። ስለዚህ «ቆሎ» እና «ጨው» አልወጣለት ቢሉ አሁን አትጨነቂባቸው። ተራቸው መጨረሻ ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል?» ላልሽው፣ «ረ»ን «ለ» የሚል ኮልታፋ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሲያድግ ይተወዋል። ይሄኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ሕፃናት ከ6 ወር ገደማ ጀምረው «ባባባ፣ ዳዳዳ» እያሉ ይለማመዳሉ። ልጅሽ ያን ጊዜ ላንቃው ክፍት ነበር። እሱም ተለማምዷል፣ ግን ባለው ዕቃ። «ማማማ፣ ናናና» እያለ። በ1 ዓመት ከ8 ወሩ ቀዶ ሕክምናው በር ሠራለት። በሩን መዝጋት ግን ማንም አላስተማረውም። ወላጆች ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምረው ንግግር ሲጠብቁ አያለሁ። ክሩ የሚያገናኘው ሥጋውን ነው። ድምፁን ልጁ መማር አለበት።

ላንቃው ገና ያልተሰፋ ሕፃን ያላችሁ ካላችሁ፣ ቀጠሮ አታሳልፉ። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃናትን በ6 ወራቸው የተሰፉና በ12 ወራቸው የተሰፉ ብሎ አነጻጽሯል። 5 ዓመት ሲሞላቸው በሩ በደንብ የማይዘጋባቸው ከመጀመሪያዎቹ 8.9 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 15 በመቶ ነበሩ። የቀዶ ሕክምናው ጊዜ በልጁ ክብደትና ጤና፣ በማደንዘዣ ባለሙያውም ይወሰናል። ያለ ምክንያት ማዘግየት ግን የለም። አንቺ ግን በ1 ዓመት ከ8 ወር ሆነ ብለሽ አትቆጪ። በሀገራችን ከዚያ በጣም ዘግይተው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ካለበት እንጀምራለን።

አሁን ልንለየው የሚገባ ነገር አለ። ወይ በሩ ይዘጋል፣ ልጁ ግን በልማድ ክፍት ይተወዋል። ወይ ደግሞ ላንቃው ተሰፍቶም አጥሮ ወይም ደክሞ ከግድግዳው አይደርስም። የመጀመሪያው በማስተማር ይስተካከላል። ሁለተኛው በማስተማር አይስተካከልም፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። ላንቃቸው ከተሰፋ ከ10 ልጆች 2 ወይም 3 ያህሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ ተብሎ ይገመታል። የሐኪም ስህተት ነው ማለት አይደለም።

የመጨረሻውን ፍርድ ባለሙያ ይሰጣል፤ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ በሩ ሲንቀሳቀስ የሚያይበት ምርመራም አለ። ልጁ እሺ ብሎ መቀመጥ አለበትና ብዙ ጊዜ ከ4 ወይም 5 ዓመቱ ጀምሮ ነው የሚሠራው። እስከዚያ ቤትሽ ሆነሽ ፍንጭ ማግኘት ትችያለሽ። ረጅም «ኢኢኢኢ» በል በይው። እያለ ሳለ አፍንጫውን በሁለት ጣትሽ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጊ። ድምፁ ካልተቀየረ ጥሩ ምልክት ነው። ሲያዝና ሲለቀቅ ከተለዋወጠ ድምፁ በአፍንጫ እየሄደ ነው። መጀመሪያ በራስሽ ላይ ሞክሪው። ከዚያ ትንሽ የእጅ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ያዢና እንደ እባብ «ስስስስ» ይበል። መስታወቱ ጭጋግ ከያዘ አየር አምልጧል። «ዳቦ» በል እያልሽ አትሞክሪው። «ናሞ» ስለሚል መስታወቱ ሁልጊዜ ጭጋግ ይይዛል፣ ምንም አይነግርሽም።

ፊኛውን አስቀምጪው። ልፋትሽን ማቃለሌ አይደለም፤ በቀን ሦስቴ ተቀምጦ ማስነፋት ትዕግሥት ነው። ፊኛ ሲነፋና ሲናገር ግን ላንቃው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ፊኛ ሲነፋ አንዴ ይዘጋል፣ እስኪጨርስ ይቆያል። ሲናገር በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ከምላስና ከከንፈር ጋር እየተናበበ። ፊኛ፣ ፊሽካ፣ በስትሮ አረፋ ማስነሣት፣ ሻማ ማጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ ንግግርን እንደማያሻሽሉ በሙያው ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል። አንድ ዓመት ሙሉ ፊኛ ሲነፋ የቆየ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ ያውቃል። ፊኛ መንፋት ጎበዝ ሆኖ ነበር። «በ» ግን አይልም። ያ ዓመት አሁንም ያንገበግበኛል። መናገር የሚሻሻለው በመናገር ነው።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ከሱሉልታ በኩል የምትመጣ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች። ውሻቸው እንደ ብዙ ሰው ውሻ «ቡቺ» ነው የሚባለው። እሷ «ሙኒ» ትለዋለች። መስታወት ፊት ተቀመጥን። አፍንጫዬን በጣቴ ያዝኩና «ሙ» ለማለት ሞከርኩ። «ቡ» ሆኖ ወጣ። ሳቀች። ራሷ አፍንጫዋን ይዛ «ሙ» አለች። «ቡ!» ሆነ። ፀጥ አለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ የወጣውን አየር ፈለገችው። ከዚያ ደጋግማ «ቡ፣ ቡ፣ ቡ»። እናቷ ከኋላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር። ያ ቀን «ቡቺ» አልተባለም፣ «ቡ» ብቻ። «ቡቺ» ሳምንታት ፈጅቷል። ግን ልጅቷ በአፍ የሚወጣ ድምፅ ምን እንደሚመስል በራሷ አፍ አወቀች።

አንቺም ከዚያ ጀምሪ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲጠግብና ሲጫወት እንጂ ሲርበው ወይም እንቅልፉ ሲመጣ አይሁን። አፍንጫውን ራሱ ይያዝ፣ አታስገድጂው። «ባ» ብቻ። ከፊቱ የተቀደደ ሶፍት አንጠልጥዪ፤ «ባ» ሲል ሶፍቱ ሲወዛወዝ ያያል። ሶፍቱ የሚወዛወዘው በድምፅ ስለሆነ ከፊኛው ይለያል። ቆይተሽ ጣቱን አፍንጫው ላይ ሳይጫን እንዲያሳርፍ፣ ከዚያ ጨርሶ እንዲያነሣ አድርጊ። ያለ ጣት አሥሬ ሞክሮ ስምንት ዘጠኙ «ባ» ሲሆን ወደ «ቡ»፣ «ቦ»፣ ከዚያ ወደ ቃል። ከቃሊቲ የሚነሣውን ባቡር የሚወድ ከሆነ «ባቡር» ምን የመሰለ ቃል ነው። «አባ»ንም እዚህ አስገቢው፣ አባቱ ባለበት። «ደ»፣ «ተ»፣ «ከ» ቀስ በቀስ ይመጣሉ። ከሁለት ከሦስት ወር ልምምድ በኋላም አፍንጫው ሲለቀቅ ሁሌ ወደ «ማ» የሚመለስ ከሆነ፣ በሩ ራሱ የማይደርስ ሊሆን ይችላልና ለባለሙያው ንገሪ።

ከ10 ደቂቃዋ ውጪ አታርሚው። «ናሞ» ካለ «ዳቦ ፈለግክ? ይኸው ዳቦ» ብለሽ ስጪው። ትክክለኛውን ቃል ከአንቺ ይስማ፣ ዳቦውን ይብላ። «ዳቦ ካላልክ አልሰጥህም» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ እባክሽ አስቁሚው። ልጁ ማለት ያልቻለውን በል ተብሎ ሲከለከል የሚማረው ዝም ማለትን ነው። ዝም ያለን ልጅ ማስተማር ደግሞ ከባድ ነው። አንዲት እናት ልጇን አፀደ ሕፃናት ልታስገባ ሄዳ «መናገር ሲችል አምጪው» ተብላ ተመልሳለች። እንዲህ ካሉሽ አትቀበዪ። የሚያስፈልገው ከሌሎች ልጆች ጋር መዋሉ ነው። ለመምህሯ ቃላቱን ጽፈሽ ስጫት፦ ናሞ ማለት ዳቦ፣ ማሙር ማለት ባቡር።

ጆሮውን አስመርምረሽለት ታውቂያለሽ? የላንቃ ጡንቻ ከጆሮ የሚመጣውን ቱቦም የሚከፍተው እሱ ነው። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች አብዛኞቹ ከጆሮ ታምቡራቸው ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምባቸዋል። ሁልጊዜ መግል አይፈስም፣ ሁልጊዜ አያምም። ድምፅ የሚሰማቸው ትራስ ጆሯቸው ላይ እንዳለ ሰው ነው። ስትጠሪው ይዞራል፤ ግን «በ»ን ከ«መ» መለየት ሊያቅተው ይችላል። ካልሰማው ድምፅ ምን ይማራል? ስለዚህ የመስማት ምርመራ ከንግግር ሕክምናው በፊት ወይም ጎን ለጎን ይደረግ። ቴሌቪዥን ድምፅ ጨምሩ የሚል ከሆነ ወይም ከጀርባው በሹክሹክታ ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ አትዘግዪ።

ኦሮምኛው አላደናገረውም። ሁለት ቋንቋ ላንቃ አይከፍትም። አማትሽ በቋንቋቸው ተረት ያውሩለት፣ ያጫውቱት። እንዲያውም እሳቸውንም ሥራው ውስጥ አስገቢያቸው። ኦሮምኛም «በ» እና «ደ» አለው። ዳቦ «ዳቦ» ከተባለ በሁለቱም ቤት ያገለግላል።

ሰው የሚልሽን በተመለከተ፦ የላይኛው ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ ላንቃው ከ6ኛው እስከ 9ኛው ነው። ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ በእርግጠኝነት የማታውቅበት ጊዜ። በዓለም ዙሪያ ከ700 ሕፃናት 1 ያህሉ እንዲህ ይወለዳል። ዘር አለበት፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የስኳር በሽታና ሲጋራ ዕድሉን ይጨምራሉ፤ ለአብዛኛው ልጅ ግን ይሄ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ያየሽውም፣ የበላሽውም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። ሌላ ልጅ ካሰብሽ ከማርገዝሽ በፊት ፎሊክ አሲድ ስለመጀመር ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

ወዴት ልሂድ ካልሽ፣ መጀመሪያ ላንቃውን የሰፋለት ሆስፒታል ተመለሺ። ካርዱና ታሪኩ እዚያ አለ። ካልሆነልሽ 6 ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅን ከሚያክሙት አንዱ ነው። ስማይል ትሬን የተባለው ድርጅትም ከሀገራችን ሆስፒታሎች ጋር ሆኖ ቀዶ ሕክምናው በነፃ እንዲሰጥ ይደግፋል። ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረሽ ነው የምትደርሺው፤ ሳትደውዪ አትሂጂ። የሕክምናው ቡድን የሚገናኝበትን ቀን ጠይቂ፤ ሐኪሙ፣ የጆሮ ባለሙያውና የንግግር ባለሙያው በአንድ ቀን ካዩት አንድ ወር ምልልስ ይተርፍልሻል። እንዲህ በይ፦ «ላንቃው ተሰፍቷል፣ አሁን የንግግር ምርመራና የመስማት ምርመራ ፈልጌ ነው»። «ቀዶ ሕክምናው አልቋል፣ ሂጂ» ብትባዪ እንኳ ይህችን ዓረፍተ ነገር ድገሚያት። ወተት ወይም ሹሮ በአፍንጫው የሚወጣ ከሆነም ተናገሪ፤ ስፌቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀርታ ሊሆን ይችላል።

ከመሄድሽ በፊት በስልክሽ ቅረጪው። ከማያውቀው ሰው ፊት ላይናገር ይችላል። ቤት ውስጥ ሲጫወት፣ ዳቦ ሲጠይቅ፣ «ኢኢኢ» ሲል፣ አፍንጫውን ይዞ «ባ» ሲል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። ቀኑን ጻፊበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ትቀርጪያለሽ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንሰማቸዋለን። የመጀመሪያው ላይ አባቱን ሲጠራ ይኑርበት።